አምስቱም ሳይነኩት

ማክሰኞ

ጓድ ሸዋንግዛው ዛሬም በጣቱ ቆጠረ። ኳሱ ከሐዋ ወደ ሰዓዳ ሲሄድ «ሁለት» ይላል፤ ከሰዓዳ ወደ ሮማን ሲሄድ «ሦስት» ይላል፤ እያለ ጣቶቹን ያጥፋል። ሮማን ቅርጫቱ ሥር ብቻዋን ቆማ፣ ከፊቷ ዶሮ እንኳ ሳይኖር፣ ኳሱን መልሳ ወደ እኔ ወረወረችው። አስቴር ገና አልነካችማ። አስቴር እስክትነካ ስንጠብቅ ኳሱ ከሜዳ ወጣ። ጓድ ሸዋንግዛው ግን አጨበጨበ። «ኳሱ ቢወጣም መስመራችን ትክክል ነው» አለ።

በአፌ አንቱ እለዋለሁ። እዚህ ደብተሬ ላይ ግን እሱ ነው፤ ከዚያ በላይ አይገባውም።

ሰውዬው የፖለቲካ ትምህርት መምህራችን ነው። የቅርጫት ኳስ አሠልጣኝ የሆነው ፊሽካ ስላለው ብቻ ነው። ፊሽካውን በጫማ ማሰሪያ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ምሳውን ይበላል። ሲሾም ደንብ አወጣልን፦ አምስቱም ሳይነኩት ኳስ ወደ ቅርጫት አይወረወርም። ሳያስነካ የወረወረ ግለኛ ነው፤ ግለኛ ደግሞ የንዑስ ከበርቴ ርዝራዥ ነው። እኔ ባለፈው ወር ሁለት ጊዜ ርዝራዥ ሆኛለሁ። ሁለቱንም ጊዜ አግብቻለሁ።

እንኳን ዘንቦብሽ እንዲሁም ጤዛ ነሽ የሚባለው ለእኛ ነው። ሜዳችን የማሽላ አውድማ ነው። ምሰሶው ቀርከሃ ስለሆነ ንፋስ ሲመጣ ቅርጫቱ ይወዛወዛል። ቀለበቱ ከአሮጌ በርሜል ተቆርጦ የመጣ ነው። አቧራው ላይ ኳስ ማንጠር ማለት ኳስን መቅበር ማለት ነው፤ ባለ በሌለ ኃይላችን ገፍተናት ከጉልበት በላይ አትነሳም። በዚህ ላይ ደንብ ጨመረልን።

ረቡዕ

ይሄ ሁሉ የቅዳሜ ዝግጅት ነው። ቅዳሜ አሶሳ ሄደን ከአሶሳው ኮሌጅ ጋር እንጫወታለን። የአውራጃው ሻምፒዮን ናቸው። ማን እንዳሸነፋቸው የሚያስታውስ ሰው ፈልጌ አላገኘሁም። እኛም በወረቀት ኮሌጅ ነን። በዓይን ሲታይ ግን ከባምባሲ ወጣ ብሎ፣ ከሰፋሪዎቹ መንደር ጎን፣ የቀርከሃ ግድግዳ ያላቸው ጥቂት ክፍሎችና ለማስተማሪያ የመጡ ከሲታ በሬዎች ያሉበት የግብርና ማሠልጠኛ ነው።

ያሸነፈው ቡድን ለክፍለ ሀገሩ ውድድር ነቀምት ይሄዳል። እኔ ኳሱም ዋንጫውም ግድ የለኝም። አባቴ ነቀምት ወህኒ ቤት ነው።

ወንጌላዊ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ሲዘጋ ቁልፉን አምጣ አሉት። «ቁልፉ የእኔ አይደለም፤ የሰጡኝ ምእመናን ናቸው፣ እነሱን ጠይቁ» አላቸው። ምእመናኑን የጠየቀ የለም፤ እሱን ወሰዱት። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። ቀበሌ ሄጄ የይለፍ ወረቀት ስጠይቅ ሊቀመንበሩ እያወቀ «ነቀምት ማን ታሞብሽ ነው?» ይለኛል። እናቴንም እንዲሁ ይላታል። ያለ ይለፍ ደግሞ የመጀመሪያው ኬላ ላይ ነው የምንቀረው። ለቡድን የሚሰጠው ይለፍ ግን አንድ ነው፤ ኬላው ላይ ራስ ይቆጠራል እንጂ የማን ልጅ ነሽ አይባልም።

ስለዚህ ካሸነፍን አባቴን አያለሁ። ከተሸነፍን አላየውም። ይሄን የሚያህል ነገር ደግሞ በእነማን እጅ ወደቀ? ሐዋ ከኩርሙክ በኩል የመጣች በርታ ናት፤ ከሁላችንም ትረዝማለች፣ ነገር ግን ኳስ በቀማች ቁጥር የተቀማችዋን «መዓለሽ» እያለች ይቅርታ ትጠይቃለች። ሰዓዳ ከወሎ የመጡ ሰፋሪዎች ልጅ ናት፤ ቤት ቢቃጠል «አብሽሪ» ነው የምትለው። ሮማን የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ እዚህ የተመደበችው በስህተት እንደሆነ በየቀኑ ታስረዳናለች። አስቴር አትናገርም። ዓመቱን ሙሉ «አቤት» ስትል እንጂ ሌላ ነገር ስትል አልሰማኋትም።

በእነዚህ ነው እንግዲህ አባቴን የማየው።

ሐሙስ

መለያ ታደለን። ከእርዳታ ዱቄት ከረጢት ተሰፍቶ ቀይ ተነክሯል። ቀለሙ የፈረንጁን ጽሑፍ አልሸፈነውም፤ ሮማን መቀመጫዋ ላይ የተጻፈውን፣ «ለሽያጭ አይደለም» የሚለውን፣ አነበበችልንና አልቅሳ መልበስ እምቢ አለች። ጓድ ሸዋንግዛው መለያ የመደብ መለያ አይሆንም ብሎ ተናገረ። ምን ማለት እንደሆነ እሱም አያውቀውም። በመጨረሻ ሰዓዳ መለያዋን ከእሷ ጋር ተለዋወጠች።

ዓርብ

የሰፋሪዎቹ ትራክተር ተጎታች ላይ ተጭነን አሶሳ ገባን። እግረኞች እየቀደሙን ሰላምታ ይሰጡናል። አንዲት ሴት ማገዶ ተሸክማ ለረጅም ጊዜ ከጎናችን ሄደች፤ ከሐዋ ጋር በበርትኛ ወሬያቸውን ጨርሰው ነው የተለያዩት።

ኬላው ላይ ጠባቂው ወረቀቱን ዘቅዝቆ ያዘ፣ በጣቱ ራሳችንን ቆጠረ፣ ገመዱን አወረደ። አለቀ። አንድ ዓመት ሙሉ የተከለከልኩት ማለፍ ይሄው ነው። ሳቄ መጣ፤ ጓድ ሸዋንግዛው አየኝና «ምን ያስቅሻል ጓድ ጫልቱ?» አለኝ። አቧራው ነው አልኩት።

የአሶሳዎቹ ሜዳ ሲሚንቶ ነው። ዙሪያውን ነጭ መስመር አለው። ልምምድ ላይ ነበሩ፤ ሁሉም ነጭ ሸራ ጫማ አድርገዋል። አንዷ ቁጥር ሰባት የለበሰች አለች፤ አምበሏ እሷ ናት። ከተጎታቹ ስንወርድ አቧራችንን ከላይ እስከ ታች አየችና ለጓደኞቿ «ገበሬዎቹ መጡ» አለች። ከዚያ ወደ እኛ ዞራ በጣም ጨዋ ሆነች። ነገ ጠዋት ዳቦና ሻይ እንደሚመጣልን ነገረችን፤ «ሜዳ ላይ እንዳትወድቁብን።»

ጠላኋት። የሸራ ጫማዋን ከእሷ የበለጠ ጠላሁት።

የምናድርበት ክፍል ውስጥ ወንበሮቹን ገፋፍተን ተኝተናል። ጓድ ሸዋንግዛው በር ላይ ቆሞ ስለ ነገ ንግግር አደረገ። ጠላት የተማመነው በጫማው ነው፣ እኛ በመስመራችን፣ አለ። አስቴር ተኝታ ነበር። በዚህች በዚህች አደንቃታለሁ።

ቅዳሜ

ከመጀመሪያው ጀምሬ ልጻፍ።

ዳቦው መጣ። ኮርቼ አልበላም ብዬ ነበር፤ በላሁ።

ሲሚንቶ ላይ ኳስ ይነጥራል። ይሄን የነገረን የለም፤ እኛም አላሰብነውም። ሮማን የመጀመሪያውን ኳስ እንደ አውድማችን ባለ በሌለ ኃይሏ መሬት ላይ ገፋችው፤ ተመልሶ አገጯን መታት። ሰዓዳ ገፋችው፤ በራሷ ላይ አልፎ ተመልካች መሃል ገባ። እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ኳሴን ቀና ብዬ ሰማይ ላይ ፈለግሁት። የአሶሳ ሕዝብ በሳቅ ሞተ። አንዱ «ኳስ በዶማ አይቆፈርም እኮ» ብሎ ጮኸ። ጓድ ሸዋንግዛው ጣቶቹን ይዞ ቆሟል፤ የሚቆጥረው ግን አላገኘም፣ ከ«አንድ» አላለፈም። በጥቂት ጊዜ ውስጥ እነሱ ስምንት፣ እኛ ባዶ።

ያን ጊዜ ሰዓዳ ጠራችንና «አብሽሩ፤ መሬት አናስነካት» አለች። በቃ፣ ይሄው ነው። ኳሱን ማንጠር ተውን። ከእጅ ወደ እጅ ብቻ። ለነገሩ እኛ ሌላ አናውቅም፤ አውድማውም ደንቡም ያስተማሩን ይሄንኑ ነው። ኳሱ ከሐዋ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ አስቴር፣ ከአስቴር ወደ ሮማን ይሄዳል፤ ነጫጭ ጫማዎቹ ተከትለውት ይሮጣሉ። የመጋቢት ፀሐይ ሲሚንቶው ላይ ምጣድ ሆናለች። እረፍት ስንወጣ ቁጥር ሰባት ወገቧን ይዛ ስትተነፍስ ከሜዳው ወዲህ ይሰማኝ ነበር። የሰውዬው የማይረባ ደንብ ሰዎቹን እየገደላቸው ነበር። እሱ ይሄን አላወቀም፤ እኔም አልነግረውም።

ችግሩ ድምፁ ነው። ከእረፍት በኋላ «ሁለት፣ ሦስት፣ አራት» እያለ ሲጮህ ተመልካቹ ለማሾፍ አብሮት መቁጠር ጀመረ። አሶሳ በሙሉ ይቆጥራል። ቁጥር ሰባት ደግሞ ደደብ አይደለችም። ከአምስት በፊት እንደማንወረውር ገባት። መሮጥ ተወች፤ ጓደኞቿንም አስቆመች። እጃቸውን አንጠልጥለው ይጠብቃሉ፣ ሕዝቡ «አምስት» ሲል ኳሱ ያለበት ላይ ይረባረባሉ። አሠልጣኛችን የራሳችንን ምስጢር ለጠላት በጩኸት ያድላል። አራት ያህል ጊዜ እንዲህ ቀሙን። ያም ሆኖ ሐዋ መዓለሽ እያለች ትመልሳለች፣ እኛም አንዳንድ እናገባለን፤ ሊያልቅ ሲል እነሱ ሃያ ሁለት፣ እኛ ሃያ አንድ ነበርን።

ዳኛው ሰዓቱን ያያል። እነሱ ወረወሩ፣ ሳቱ፣ ኳሱ ተመልሶ እጄ ላይ ወደቀ። ሕዝቡ «አንድ» አለ።

ሮጥኩ። ቁጥር ሰባት ቅርጫቱ አጠገብ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች። አየችኝ፣ አልተነቃነቀችም። እስከ አምስት ብዙ ጊዜ እንዳላት ታውቃለች። እሷ እንኳ በደንባችን አምናለች። ከአጠገቧ ቆሜ ወረወርኩ። ቀለበቱን ነካ፣ ዞረ፣ ገባ።

ሁለት የሚል ሰው አልተገኘም። ከዚያ ዳኛው ፊሽካውን ነፋ፤ ሃያ ሦስት ለሃያ ሁለት። ሐዋ አንስታ ተሸከመችኝ። በትከሻዋ ላይ ሆኜ ወደ ጓድ ሸዋንግዛው ዞርኩ፤ ምን ይመስላል ብዬ፣ ፊቱን ለማየት ብዬ።

ዓይኑን ጨፍኗል። ቀኝ እጁ ግንባሩ ላይ ነበር፤ ወደ ደረቱ ወረደ፤ ወደ ግራ ትከሻው ሄደ፤ ወደ ቀኝ መጣ። አማተበ። እግዚአብሔር የለም ብሎ ሳምንቱን ሙሉ የሚያስተምረን ሰው አማተበ። ከዚያ ዓይኑን ገለጠ፤ ውጤቱን የነገሩት ሌሎች ናቸው።

አመሻሽ ላይ ሰብስቦን «ድሉን እናከብራለን፤ ድሉን ያመጣውን አስተሳሰብ ግን እናወግዛለን» አለ። ነገ ጠዋት ሂስና ግለሂስ አለ። ግለኛ ነቀምት አይሄድም፤ በእኔ ቦታ ተጠባባቂ ትሄዳለች። ከተመልካቹ «አንድ» ሲባል ብቻ መስማቱን ነገረኝ። አዎ፣ አሶሳ በሙሉ ሰምቷል።

የሚያጎርሰውን እጅ ነካሽ። ግን ነገ እሱም ያያል። አባቴ በቁልፍ ገባ፤ እሱ በማማተብ ይግባ። ሊሰሙኝ የሚፈልጉ ሰዎች እዚህ አሶሳ ውስጥ ሞልተዋል።

እሑድ

ሂስ ሁልጊዜ እሑድ ጠዋት ነው። ቤተ ክርስቲያን የተዘጋበትን ሰዓት በአንድ ነገር መሙላት አለባቸው።

ባደርንበት ክፍል ተቀመጥን። ጓድ ሸዋንግዛው ሳይላጭ መጥቷል። «በመጨረሻው ሰዓት ኳሱ አምስቱንም ሳይነካ ተወርውሯል። ጓድ ጫልቱ፣ ግለሂስ አድርጊ» አለ። ተነሣሁ። የማማተቡ ነገር ምላሴ ላይ ነበር፤ የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ ነበር የምፈልገው።

«እኔ ነክቻለሁ» የሚል ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ።

ማን እንደሆነች ለማወቅ መዞር ነበረብኝ። አስቴር ናት። ተነሥታ ቆማለች፣ ጆሮዋ ድረስ ቀልታለች። «ኳሱን ነክቻለሁ» አለች ደግማ፤ ተቀመጠች።

አስቴር ያን ጊዜ የሜዳው ወዲያኛው ጫፍ ነበረች። ኳሱን ልትነካው ቀርቶ ልታየው አትችልም።

ሰዓዳ ተነሣች። «እኔም ነክቻታለሁ፤ በጣቴ ጫፍ ናት፣ ለዚህ ነው ያልታየው።» ሮማን ደግሞ ተነሥታ፣ እሷ ከሁሉም በፊት እንደነካችው፣ እንዲያውም ጥፍሯ እንደተሰበረ ነገረችን። ጥፍሯን አሳየችው። ያ ጥፍር ዓርብ ተጎታቹ ላይ ሲሰበር ኬላ እስክንደርስ ስታለቃቅስ ነበር።

የቀረችው ሐዋ ነች። ሐዋ ለመርፌ ያህል እንኳ አትዋሽም። ጓድ ሸዋንግዛው ይሄን ያውቃል፤ ለዚህ ነው ፊቱን ወደ እሷ ብቻ ያዞረው።

«ሐዋ፣ ነክተሻል?»

«እኔ ነካ።»

«ማይልኝ።»

ሐዋ ከቁመቷ ላይ ሆና አየችው። ከዚያ በተረጋጋ ድምፅ እንዲህ አለችው፦ «ጓድ፣ አንተ አላህ የለም ብሎ አስተምሮ የለም? ታዲያ ሐዋ በማን ይምላል?»

የሳቀ የለም። እኔ እንኳ አልሳቅሁም። ሰዓዳ ከተቀመጠችበት ሳትነሣ፣ ቀስ ብላ፣ የአክብሮት በሆነ ድምፅ ጠየቀችው፤ «ጓድ፣ እርስዎስ ያን ጊዜ ምን አዩ?»

ያን ጊዜ ሰዓዳም እንዳየችው ገባኝ። እሱም ገባው። ፊሽካውን ያዘ፣ ለቀቀው። ወደ እኔ ተመለከተ። እስካሁን ቆሜያለሁ፤ አፌም ትንሽ ተከፍቷል። ምን ልል እንደነበር አውቋል ብዬ አምናለሁ። ፈርቶ ነበር፤ ያን ፍርሃት አውቀዋለሁ፣ እናቴ ቀበሌ ስትጠራ ፊቷ ላይ ይመጣል። ያንን ፊት እሱ ላይ ማየት ደስ እንዲለኝ ጠበቅሁ። አላለኝም። ይሄም ሌላ ንዴት ሆነብኝ።

አፌን ዘጋሁ። ተቀመጥኩ።

«እኔ አላየሁም» አለ። ይሄ ከመጣ ጀምሮ የተናገረው የመጀመሪያው እውነት ይመስለኛል። ከዚያ «አምስቱም ከነካችሁ ደንቡ ተከብሯል ማለት ነው» ብሎ ወጣ።

ወደ ባምባሲ ስንመለስ ተጎታቹ ላይ ሰዓዳን ለምን እንደዋሹ ጠየቅኋት። «አባትሽን እንድታዪው ነዋ» አለችኝ። ማን ነገራችሁ አልኳት። «ኧረ በሞትኩት፣ ሁሉም ያውቃል፤ በእንቅልፍሽ ነው የምታወሪው» አለችኝ። አንድ ዓመት ሙሉ የደበቅሁት ነገር ይሄ ነው። አመሰግናለሁ በማለት ፈንታ ከሻሿ ላይ አቧራውን አራገፍኩላት። «አብሽሪ» አለችኝና ትከሻዬ ላይ ተኛች። ከባድ ራስ አላት።

ሰኞ

ነቀምት ነገ ነው። እህል አራግፎ ባዶውን የሚመለስ ኤንትሬ የጭነት መኪና ይወስደናል። ስሜ ከሚሄዱት ጋር ተጠርቷል።

ልምምድ ነበረን። ጓድ ሸዋንግዛው አልቆጠረም። እጁን ኪሱ ከትቶ ቆሞ ዋለ። እኛ ግን ልማድ ሆኖብን አምስታችንም ሳንነካ አልወረወርንም፤ እኔ ራሴ፣ ባዶ ቅርጫት ሥር ቆሜ፣ ኳሱን መልሼ ለአስቴር ሰጠኋት። ደንቡን ንቄው ንቄው የንቀቴን ያህል እንኳ ልጥሰው አልቻልኩም።

ማክሰኞ

የኤንትሬው መጫኛ ላይ ሆኜ እየጻፍኩ ነው፤ ፊደሌ የሚዘለው ለዚህ ነው።

እናቴ መንገድ ላይ ቆማ ጠበቀችን። በሶና ሹራብ በጨርቅ ቋጥራ ሰጠችኝ። የነቀምት ብርድ አይቻልም፤ አባቴን ሲወስዱት በሸሚዝ ነው የሄደው። አላለቀሰችም። ጆሮዬ ድረስ ተንጠራርታ «ከስቶ ከሆነ አትንገሪኝ» ብቻ አለችኝ። መኪናው ሲነሣ እጇን አላወዛወዘችም፤ ሰው እንዳያይ።

ጓድ ሸዋንግዛው ጋቢና ውስጥ ነው። ቋጠሮውን አይቶታል። ሹፌሩ ውሃ ሊጨምር ሲቆም ወርዶ ወደ ኋላ መጣና ለሁላችንም፣ ማንንም ሳያይ፣ ተናገረ፤ «ነቀምት እንደገባን ነገ ከሰዓት ልምምድ የለም። ከተማ ማየት የሚፈልግ ይሂድ። ከየት መጣሽ የሚል ካለ ከቡድኑ ነኝ ይበል፤ እኔ እመሰክራለሁ።» ከዚያ ፊሽካውን ነፋ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ሁላችንም ተሳፍረን ነበር።

አሁንም እንቀዋለሁ። ከትናንት ትንሽ ያነሰ ነው፤ ማነሱ ያናድደኛል።

በሩ ላይ ያስገቡኝ እንደሆነ አላውቅም። ሹራቡን ይቀበሉ እንደሆነ፣ አባቴስ እዚያ እንዳለ፣ አላውቅም። ካስገቡኝ ግን መጀመሪያ የምነግረውን መርጫለሁ። ስለ እናቴ አይደለም፤ ስለ እሷ ካነሣሁ ሁለታችንም አንችልም። አባዬ፣ አንድ ካድሬ ለእኔ ኳስ አማተበ እለዋለሁ፤ አራት ልጆች ደግሞ ለእኔ ዋሹ። በመዋሸታቸው ይቆጣል፤ አውቀዋለሁ። በማማተቡ ግን ይስቃል። ሆዱን ይዞ ነበር የሚስቀው፤ እንባው እስኪመጣ።

አሁንም እንደዚያ የሚስቅ ከሆነ፣ ለእናቴ ሳቁን እነግራታለሁ፤ መክሳቱን አልነግራትም።